እጅን የሚመረምር፥ ውልን የማይመረምር፤ ስለ እንጨት ቈራጭ ተቋራጮች የምስክር ወረቀት የቀረበ ሂስ

«ሙያ በልብ ነው» የሚለው የአባቶቻችን አነጋገር፥ ባለሙያ የሆነ ሰው ራሱን እንዳያስታውቅና ሥራው ራሱ እንዲመሰክርለት የሚያዝ ነው። የዘመናችን ንግድ ግን ከዚህ አነጋገር ጋር የሚስማማ አይመስልም። ገዢውና ሠሪው በማይተያዩበት ገበያ በልብ ያለ ሙያ ዋጋ ስለማያወጣ፥ ሙያው ከልብ ወጥቶ በወረቀት ላይ እንዲሰፍር ግድ ሆኗል። ሐኪሙና መሐንዲሱ በዚህ መንገድ መሄድ ከጀመሩ ብዙ ዘመን ነው። ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ደግሞ ብዙ ሰው ባላሰበው ስፍራ፥ ይኸውም መጋዝና ግንድ ጐታች መኪና ይዞ በደን ውስጥ በሚውለው በእንጨት ቈራጩ ተቋራጭ ዘንድ፥ ይኸው ወረቀት ደርሷል። በዚህ ጽሑፍ የምስክር ወረቀት መኖሩ ይጠቅማል ወይስ ይጐዳል ብለን አንከራከርም። የምንጠይቀው ወረቀቱ ምንን ይመረምራል፥ ምንንስ ሳይመረምር ያልፋል ብለን ነው።

ለምሳሌ የመረጥናት በተባበሩት የአሜሪካ መንግሥታት በሰሜን ምሥራቅ ጫፍ ከካናዳ ጋር የምትዋሰነውን ሜይን የተባለችውን ግዛት ነው። ከመሬቷ ከመቶ 90 ያህሉ በደን የተሸፈነ ሲሆን፥ ከዚህ ደን አብዛኛው የመንግሥት ሳይሆን የግል ነው። የእንጨት ቈራጩን ሥራ በቦታው ተገኝተው ከሚመረምሩት ሥርዓቶች ቀደምት የሆነው «ማስተር ሎገር» የተባለውም በዚያ ተቋቁሟል። በዚህ ጽሑፍ የሚገኙት ዓመቶች ሁሉ በአውሮጳውያን አቈጣጠር የተጻፉ መሆናቸውን አንባቢ እንዲያስተውል እንለምናለን።

ሥርዓቱ ያለ ምክንያት የመጣ አይደለም። በ1970ዎቹና በ1980ዎቹ ዓመታት ስፕሩስና ፈር የተባሉትን የጥድ ወገን ዛፎች ቅጠል የሚበላ ትል በሜይን ደን ላይ ወረደ። የወረቀት ኩባንያዎችም ዛፉ ሞቶ ሳይበሰብስ እንጠቀምበት በማለት ሰፋፊ ቦታዎችን ጠራርገው ቈረጡ። ሕዝቡ ኮረብታዎቹ ተላጭተው ባየ ጊዜ ተቈጣ። በ1989 ግዛቲቱ ጠርጎ መቍረጥን የሚገድብ ሕግ አወጣች፤ ቍጣው ግን አልበረደም። በ1996፥ በ1997 እና በ2000 ነገሩ ለሕዝብ ድምፅ ቀረበ፤ ሦስቱንም ጊዜ የቀረቡት ሐሳቦች ለመጽደቅ የሚበቃ ድምፅ ሳያገኙ ቀሩ። ሕግ ሊጨርሰው ያልቻለውን ክርክር ገበያ ተረከበው ማለት ይቻላል፤ እንጨቱ በደህና መቈረጡን ፈራጁ ድምፅ ሰጪው መሆኑ ቀርቶ ወረቀት ገዢው ሆነ።

በዚያን ጊዜ በዓለም የታወቀው የምስክር ወረቀት የመሬቱ ወረቀት ነበረ። በ1993 የተመሠረተው ፎረስት ስቱዋርድሺፕ ካውንስል የተባለው ማኅበር የሚመረምረው ደኑንና የደኑን ባለቤት ነው። ይህ ሚሊዮን ሔክታር ለያዘ ኩባንያ ይመቻል፤ የምርመራው ወጪ በሰፊው መሬት ላይ ሲከፋፈል አይሰማም። ነገር ግን አንድ ጋሻ እንኳ የማይሞላ ደን ከወላጆቹ የወረሰ ቤተሰብ፥ ምናልባትም በ15 ወይም በ20 ዓመት አንድ ጊዜ ብቻ የሚያስቈርጥ፥ ለመርማሪ ገንዘብ ከፍሎ በየዓመቱ ወረቀት እንዲያድስ መጠየቅ ከንቱ ነው። ስለዚህ በሜይን የነበሩ ሰዎች ነገሩን ገለበጡት። ባለ መሬቶቹ ብዙ ሺህ ናቸው፤ በእነዚህ ሁሉ መሬት ላይ እየተዘዋወሩ የሚቈርጡት ተቋራጮች ግን ጥቂት ናቸው። መሬቱን ከመመርመር እጁን እንመርምር፤ እጁ የታመነ ከሆነ የደረሰበት ደን ሁሉ በደህና ይቈረጣል አሉ። በ21ኛው ክፍለ ዘመን መባቻ ላይ ሥርዓቱ በዚህ ሐሳብ ቆመ። በ1994 የተመሠረተው የአሜሪካ እንጨት ቈራጮች ምክር ቤትም ሐሳቡን ተቀብሎ እንደ ሚሺገን፥ ዊስኮንሲንና ሚኔሶታ ባሉት ግዛቶች ተመሳሳይ ሥርዓት ተዘርግቷል።

«ማስተር» የሚለውን ቃል ወደ ቋንቋችን ለመመለስ ተቸግረናል። «ጌታ» ብንለው ያስቃል፤ «መምህር» ብንለው ከትምህርት ቤት ይገባል። ምናልባት የቀድሞው «ሊቀ ጠበብት» ከሁሉ ይቀርብ ይሆናል፤ ነገር ግን ሊቀ ጠበብቱን ሾሞ ርስትና ማዕረግ የሚሰጠው ንጉሥ ነበረ፤ ይህኛውን ሊቅ ግን ወረቀቱን የሚሰጠው ቦርድ ማዕረግ ይሰጠዋል እንጂ ርስት አይሰጠውም። ይህ ልዩነት የቃል ጨዋታ ብቻ እንዳልሆነ ወደ ኋላ እናየዋለን።

አስቀድመን ግን የሚመሰገነውን እናመስግን። ይህ ሥርዓት ከብዙዎቹ የምስክር ወረቀቶች የሚሻልበት ነገር አለ፤ ወረቀቱ በክፍል ውስጥ ተቀምጦ ለሰማ ሰው አይሰጥም። መርማሪው ተቋራጩ ወደ ቈረጠበት ደን ራሱ ይሄዳል። በዚያም የሚያየው ሊደበቅ የማይችል ነገር ነው። መኪናው ወንዙን የተሻገረው በድልድይ ነው ወይስ ውሃውን አደፍርሶ? ጎማው በእርጥብ አፈር ላይ የቈፈረው ቦይ ምን ያህል ይጠልቃል? እንዲቆሙ የተተዉት ዛፎች ግንዱ ሲጐተት ልጣጫቸው ተገሽልጧል ወይ? ዘይት ፈሶ ከሆነ ማን ጠረገው? ከመቍረጡ በፊትስ ከባለ መሬቱ ጋር የተስማሙበት በጽሑፍ የሰፈረ ዕቅድ አለ ወይ? መርማሪው እነዚህን ጽፎ ያቀርባል፤ ተቋራጩን ሊቀበለውም ሊመልሰውም የሚችለው ሌላ ቦርድ ነው። ደን እንደ ተማሪ ደብተር ነው፤ ሥራው በላዩ ተጽፎ ይገኛል። በተለይም የልጣጩ ነገር ላልለመደው ሰው ትንሽ ይመስላል እንጂ ታላቅ ነው። በቍስሉ የገባው ብስባሽ ዓመታት ቈይቶ ግንዱን ውስጥ ውስጡን ይበላዋል፤ ጕዳቱንም የሚያገኘው የዛሬው ቈራጭ ሳይሆን የባለ መሬቱ ልጅ ነው።

እንግዲህ ጥፋቱ የት ነው? ይህን ለማስረዳት አንድ ወቅት እንውሰድ።

በሜይን ለእንጨት ቈረጣ ከሁሉ የሚመቸው ክረምታቸው፥ ማለት የበረዶው ጊዜ ነው። መሬቱ እንደ ድንጋይ ስለሚረጋ ከባዱ መኪና ሲያልፍበት አይጐዳም። በመጋቢትና በሚያዝያ በረዶው ሲቀልጥ ግን ምድሩ ሁሉ ጭቃ ይሆናል፤ ሰዎቹም ይህን ወቅት የጭቃ ወራት ብለው ይጠሩታል። በዚህ ጊዜ ደን ውስጥ መኪና ማስገባት አፈሩን ረግጦ ማጠጠርና ወንዙን ማደፍረስ ነው፤ ስለዚህ ደህና ቈራጭ መኪናውን አቁሞ ይጠብቃል። የምስክር ወረቀቱም እንዲያቆም ይጠይቀዋል፤ በትክክል ጠይቋል።

ነገር ግን ዛፍ የሚቈርጠውና የሚገነድሰው መኪና ዋጋ በመቶ ሺዎች የሚቈጠር ዶላር ነው፤ ከግማሽ ሚሊዮን የሚያልፍም አለ። ተቋራጩ ይህን የሚገዛው ከባንክ ተበድሮ ሲሆን፥ ባንኩ የጭቃ ወራት የሚባል ነገር አያውቅም። ዕዳው በየወሩ ይከፈላል። የሚከፈለው ደግሞ በዋለበት ቀን ሳይሆን ወደ ፋብሪካ ባደረሰው እንጨት ክብደት ወይም መጠን ነው፤ ያልቈረጠ አይከፈለውም። አሁን ደግሞ አየሩ እየሞቀ በመሄዱ መሬቱ ረግቶ የሚቈይበት ጊዜ አጥሯል፤ በክረምቱ መካከል እንኳ ድንገት ቀልጦ ሥራ የሚያስቆምበት ዓመት በዝቷል። እንግዲህ አንዱ ወረቀት «ቁም» ይለዋል፤ ሌላው ወረቀት «ክፈል» ይለዋል። ሁለቱም በአንድ ሰው ኪስ ውስጥ ናቸው። ከሁለቱ የመጀመሪያውን ወረቀት የሚመረምር መርማሪ አለ፤ ሁለተኛውን ግን የሚመረምር የለም።

የዚህ ጽሑፍ ነቀፌታ በአጭሩ ይኸው ነው። ሥርዓቱ የቈራጩን እጅ በጥንቃቄ ይመረምራል፤ እጁን የሚያንቀሳቅሰውን ውል ግን አይመረምርም። የትኛው ዛፍ ይቈረጥ የሚለውን በመጨረሻ የሚወስነው ባለ መሬቱ ነው፤ ለአንድ ቶን ምን ይከፈል የሚለውን የሚወስነው ፋብሪካው ነው፤ መቼ ይድረስ የሚለውንም እንዲሁ። ተቋራጩ በመካከል ቆሞ የሁለቱንም ትእዛዝ ይፈጽማል። ደኑ በተጐዳ ጊዜ ግን ወረቀቱን የሚነጠቀው እርሱ ብቻ ነው። ኃላፊነትን ሥልጣን በሌለው ሰው ላይ ማስቀመጥ ለሌሎቹ ሁሉ ምቹ ነገር ነው፤ ፋብሪካውም እንጨቱን የገዛሁት ከታመነ እጅ ነው ብሎ ለወረቀት ገዢዎቹ ይናገራል።

የሥርዓቱ ደጋፊዎች ለዚህ መልስ አላቸው። ወረቀቱን ማንም ተገድዶ አይወስድም፤ የወሰደውም ከሌላው ይልቅ ተመራጭ ስለሚሆን ሥራ አያጣም ይላሉ። መልሱ እውነትነት አለው፤ ባለ መሬት የሆነች አንዲት መበለት የማታውቀውን ሰው ወደ ደኗ ከማስገባቷ በፊት ወረቀቱን መጠየቅ መቻሏ ቀላል ነገር አይደለም። ነገር ግን ሥራ ማግኘትና በሥራው መኖር ልዩ ልዩ ናቸው። ሚያዝያ 15 ቀን 2020 በሜይን በጄይ ከተማ በሚገኘው የወረቀት ፋብሪካ እንጨት የሚቀቀልበት ታላቅ ጋን ፈነዳ። እግዚአብሔር ይመስገን የሞተ ሰው አልነበረም፤ ነገር ግን ለወረቀት የሚሆነውን እንጨት ከሚገዙት ዋነኞች አንዱ በአንድ ቀን ከገበያ ወጣ፤ ፋብሪካውም በ2023 ጨርሶ ተዘጋ። በዚያ ቀን ወረቀት ያለውም የሌለውም ቈራጭ እኩል ገዢ አጣ። የሙያ ምስክር የዋጋ ምስክር አለመሆኑን ከዚህ ይልቅ የሚያሳይ ነገር አላገኘንም።

ዋጋን በተመለከተ አንድ የሚያስገርም ነገር አለ። በአሜሪካ የንግድ ሕግ እያንዳንዱ ተቋራጭ እንደ ራሱ ነጋዴ ስለሚቈጠር፥ ተቋራጮች ተሰብስበው ከዚህ ዋጋ በታች አንቈርጥም ቢሉ በገበያ ላይ እንደ ማሴር ይቈጠርባቸዋል። ስለ ውሃና ስለ አፈር በአንድ ደንብ እንዲተባበሩ ይበረታታሉ፤ ስለ እንጀራቸው ግን መተባበር ተከልክለዋል። የሜይን ሕግ አውጪዎች ይህ እንደማያስኬድ ተረድተው ሳይሆን አይቀርም፥ በ2019 ለገበሬዎች የነበረውን የኅብረት ድርድር ሕግ ለእንጨት ቈራጮችና ለአጓጓዦች ጭምር እንዲሆን አሰፉት። ከወረቀቱ ሁሉ ይልቅ ይህች ሕግ ለደኑ የበለጠ ልትጠቅም ትችላለች ብንል እንደፍራለን? አንፈራም። በጭቃ ወራት ለመቆም አቅም የሚኖረው የሚደራደር ሰው ነውና።

በዚያችው በሜይን ወረቀትና ገንዘብ የተገናኙበት ሌላ ምሳሌ አለ። እንጨት ቈረጣ በአሜሪካ ሠራተኛ ከሚሞትባቸው ሥራዎች ሁሉ በመጀመሪያው ረድፍ የሚገኝ ነው። ስለዚህ አሠሪው ለሠራተኞቹ ጕዳት የሚከፍለው የመድን ገንዘብ እጅግ ከፍ ብሎ ብዙዎችን ከሥራ ሊያወጣ ደርሶ ነበር። ከ1991 ጀምሮ ቈራጮች ዛፍ በደህና መጣልን የሚማሩበትና ተፈትነው ወረቀት የሚያገኙበት ትምህርት ተቋቋመ፤ ወረቀቱን የያዙ ሠራተኞች ያሉት አሠሪም የመድን ክፍያው ዝቅ እንዲልለት ተደረገ። ሰዎች ወደዚህ ትምህርት የጐረፉት የደኅንነት ስብከት ሰምተው ብቻ አይደለም፤ ወረቀቱ በወሩ መጨረሻ በሒሳብ መዝገባቸው ላይ ስለሚታይ ነው። መድን ሰጪው ከአደጋው መቀነስ ስለሚጠቀም፥ ከጥቅሙ ከፍሎ ሰጠ። የደኑ መጠበቅስ የሚጠቅመው ማንን ነው? ባለ መሬቱን፥ ፋብሪካውን፥ ከወንዙ በታች የሚኖረውን ሕዝብ። ከእነዚህ ውስጥ ከጥቅሙ ከፍሎ ለቈራጩ የሚሰጥ ግን በሥርዓቱ ውስጥ በስም አልተጠራም።

ነገሩ የአሜሪካ ብቻ አይደለም። የወንዶ ገነትን የደን ትምህርት ቤት በ1978 በማቋቋም የረዳችን ስዊድን፥ ከቈረጣ በኋላ ደኑ መልሶ እንዲበቅል የሚያዝ ሕግ ያወጣችው በ1903 ነው፤ በዛሬውም ጊዜ ፒኢኤፍሲ በተባለው የምስክር ሥርዓት ተቋራጮቹ ራሳቸው ይመረመራሉ። ሕጉ ጠንካራ በመሆኑ ወረቀቱ ብቻውን አልተጣለም። ሆኖም በዚያም ቢሆን ተቋራጩ በጥቂት ታላላቅ ገዢዎች ፊት ብቻውን የሚቆም ሰው ነው።

ከአገራችን ደግሞ ለንጽጽር የሚሆን ነገር አለ። ሬይንፎረስት አሊያንስ የተባለው ድርጅት በአሜሪካ ለእንጨት ቈራጮች ወረቀት ሲሰጥ እንደነበረ ሁሉ፥ በ2007 በጅማ አካባቢ በበለጤ ጌራ ደን ውስጥ ለሚለቀመው የጫካ ቡና በጃፓን መንግሥት ርዳታ ወረቀት ሰጥቷል። በዚያ የገበሬው ቡና በወረቀቱ ምክንያት በተሻለ ዋጋ ተሸጠ። ሁለት ጃፓናውያን ተመራማሪዎች በ2013 ባወጡት ጥናትም፥ ወረቀቱን ያገኘው የደን ቡና አካባቢ ካላገኘው ይልቅ የመመንጠር ዕድሉ አንሶ ተገኝቷል። ዛፉን ያቆመው ወረቀቱ ነው ወይስ ዋጋው? ሁለቱ አብረው ስለመጡ ለይቶ መናገር ያስቸግራል፤ እኛ ግን ዋጋው ባይኖር ወረቀቱ ከግድግዳ ላይ ከመንጠልጠል አያልፍም ነበር የሚል አስተያየት አለን። ጥያቄው ነገ ደግሞ በስፋት ሊመጣብን ነው። የአውሮጳ ኅብረት በ2023 ያወጣው ደንብ፥ አፈጻጸሙ ደጋግሞ ቢራዘምም፥ ወደ አገሮቹ የሚገባው ቡናና እንጨት ከ2020 መጨረሻ ወዲህ በተመነጠረ መሬት ላይ ያልተመረተ መሆኑ እንዲረጋገጥ ያዛል። ማረጋገጫውን ገዢው ይጠይቃል፤ ድካሙ ግን ወደ ታች እየወረደ ከገበሬው ደጃፍ እንዳይከማች መጠንቀቅ ያስፈልጋል።

ስለ እንጨት ቈራጩም ቢሆን አገራችን ከነገሩ ውጭ አይደለችም። በዐፄ ምኒልክ ዘመን የመጣው ባሕር ዛፍ ከተቈረጠ በኋላ ከጉቶው መልሶ ያቈጠቁጣል፤ አንድ ጊዜ የተተከለ ብዙ ጊዜ ይቈረጣል። ነገር ግን ይህ በቈራጩ እጅ ላይ የተንጠለጠለ ነው። ጉቶው ወደ መሬት ቀርቦ፥ ሳይሰነጠቅ፥ ውሃ እንዳይቋጥርም በመጠኑ ተዘንብሎ ከተቈረጠ ጠንካራ ቡቃያ ይወጣል። ከወገብ ላይ ተገዝግዞ ከተተወ ወይም በመጥረቢያ ተፈልጦ ከቀረ፥ የሚወጣው ቡቃያ ደካማ ሆኖ ነፋስ ይገነጥለዋል። በብዙ ስፍራ ነጋዴው ቋሚውን ባሕር ዛፍ ከባለ መሬቱ በጅምላ ገዝቶ ቈራጮችን ራሱ ያመጣል። በቍጥር የሚከፈለው ቈራጭ ለአንድ አጣና ጐንበስ ብሎ ጊዜ ሲያጠፋ የሚያተርፈው የለም፤ ነጋዴውም ተመልሶ ወደዚያ መሬት ላይመጣ ይችላል። ቈራጩ አላዋቂ ስለሆነ አይደለም፤ ብዙዎቹ ከእኛ ከተማሪዎቹ ይልቅ ዛፍ ያውቃሉ። ዕውቀቱን እንዲጠቀምበት የሚከፍለው የለም እንጂ።

አንድ ቀን በአገራችንም የደን ቈራጮች ምስክር ወረቀት ይሰጥ የሚል ሐሳብ ቢቀርብ፥ የሜይንን ቅጽ እንዳለ መቅዳት ቀላል ነው፤ ውሃ፥ አፈር፥ ልጣጭ፥ ዘይት። በቅጹ ላይ ግን ሜይኖች የዘለሉት አንድ ገጽ እንዲጨመር እንጠይቃለን። በዚያ ገጽ ላይ መርማሪው ከቈራጩ ጋር ውል የተዋዋለውን ነጋዴ ወይም ፋብሪካ ስም ይጽፋል፤ ክፍያው በቍጥር ነው ወይስ በቀን፥ ዝናብ ሥራ ባስቆመበት ቀን ለቈራጩ የተከፈለ ነገር አለ ወይ፥ ጉቶው ዝቅ ብሎ እንዲቈረጥ በውሉ ተጽፏል ወይ ብሎ ይጠይቃል። ገጹንም ከቈራጩ ጋር አሠሪው ይፈርምበታል፤ ያልፈረመ አሠሪም እንጨቱን በምስክር ወረቀቱ ስም እንዳይሸጥ ይከለከላል።